6 ሚሊሜትር የኩላሊት ጠጠር፦ ሕመሙ ከጠፋ ወጥቷል ማለት ነው?

ጠያቂ
ሰላም ለቤቱ። ባለቤቴን የቀኝ ጎኑን ድንገት ቀስፎ ያዘውና ወደ ብሽሽቱ እየወረደ መቀመጫ መተኛ አሳጣው፤ አስመለሰውም። ሽንቱ ላይ ደም ተገኘ። ሲቲ ስካኑ ከኩላሊት በሚወርደው ቱቦ ታችኛው ጫፍ፣ ፊኛው አጠገብ፣ 6 ሚሊሜትር ጠጠር አሳየ። መርፌ ተወግቶ፣ ታምሱሎሲንና ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ታዞለት ተመለሰ። ከትናንት ጀምሮ ምንም አያመውም። ጓደኞቹ «ወጥቷል፤ ካልወጣም ቢራ ጠጣበት» ይሉታል። ወተትም ተው ተብሏል። ምን ይሻላል?

ዩሮሎጂስት (የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ሐኪም)
እህቴ፣ ሕመሙ ጠፋ ብላችሁ አትዘናጉ። ያን ሁሉ ሥቃይ የሚያመጣው በዋናነት ሽንት ከጠጠሩ በላይ ተጠራቅሞ ቱቦውንና ኩላሊቱን መወጠሩ ነው። ውጥረቱ ሲላላ ሕመሙ ይተዋል፣ ጠጠሩ ግን እዚያው ሊኖር ይችላል። ቱቦው ተዘግቶ ለሳምንታት ከቆየ ኩላሊቱ ድምፁን አጥፍቶ ይጎዳል።

ስለዚህ ሽንቱን በሙሉ፣ የሌሊቱንም ጭምር፣ በሻይ ማጥለያ ወይም በስስ ጨርቅ ያጥልል። ጠጠሩ ከተገኘ በደረቅ ብልቃጥ ይዞ ለምርመራ ይስጠው። ካልተገኘ ምስሉ ይደገም። አልትራሳውንድ ብቻ ከሆነ ቱቦው ውስጥ ያለ ጠጠር ሊያመልጠው እንደሚችል አትርሱ።

ከ5 ሚሊሜትር በታች ያለው አብዛኛው በራሱ ይወጣል፤ ከ10 በላይ ሲሆን ተስፋው ትንሽ ነው። 6 ሆኖ ታች ድረስ መውረዱ ጥሩ ዕድል ነው፤ ቢሆንም ከ4 እስከ 6 ሳምንት በላይ አይጠበቅም። ካልወጣ በሽንት መውጫው ቀጭን መሣሪያ ገብቶ በሌዘር ይሰባበራል። ስቴንት (ሽንት እንዲያልፍ ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ) ከተደረገለት የሚወጣበትን ቀን ጽፋችሁ ያዙ፤ ለወራት ከተረሳ ራሱ ጠጠር ይጋገርበታል።

38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ሽንት ከቆመ፣ ወይም ትውከቱ ውኃ እንኳ አላስቀምጥ ካለ፣ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ሂዱ። ከተዘጋ ኩላሊት በላይ የታመቀ ኢንፌክሽን በአንቲባዮቲክ ብቻ አይድንም፤ ሽንቱ በቱቦ መውጣት አለበት።

ፋርማሲስት
ታምሱሎሲን 0.4 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ በየቀኑ ከዚያው ከአንዱ ምግብ ሰዓት በኋላ፣ ሳይታኘክ ይዋጣል። የቱቦውን ጡንቻ ያላላል፤ ደም ግፊትም ስለሚቀንስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአልጋ ቀስ ብሎ ይነሳ። ዳይክሎፌናኩ በቀን በድምሩ ከ150 ሚሊግራም አይለፍ፤ አይቡፕሮፌን አትደርቡበት። የጨጓራ ቁስለት ካለበት ወይም ክሬቲኒኑ (የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው የደም ምርመራ) ከፍ ካለ ሐኪሙ ይቀይርለት።

ቢራው ይቅር። ጠጠር አይገፋም፤ ራሱ ጠጠር ሊሆን የሚችለውን ዩሪክ አሲድም ያበዛል። ቁርጠቱ በተነሳበት ሰዓት ውኃም ቢሆን በግድ መጋት ውጥረቱን ሊያብስ ይችላል። ሲጠማው ይጠጣ፣ በቃ።

የምግብ ባለሙያ
ወተቱን እንዳይተው! ካልሲየም ከምግብ ጋር ሲገባ ኦክሳሌትን (ሽንት ውስጥ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ጠጠር የሚሆነውን) አንጀት ውስጥ ይይዘዋል፣ ወደ ሽንት እንዳያልፍም ያግዛል። ለብዙዎች የሚያስቸግረው ኦክሳሌት የበዛበት ቆስጣና ቀይ ሥር ነው። ሁለቱም የበያይነቱ ቋሚ ናቸው፤ በጾም ደግሞ ያለ ወተት ነው የሚበሉት። በቆስጣው ፈንታ የሐበሻ ጎመን ወይም ጥቅል ጎመን ይብላ። ካማረው ቆስጣውን ቀቅሎ ውኃውን ይድፋው።

ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን፤ በርበሬውና ሽሮው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። ውኃውን ከምትቆጥሩ ሽንቱን ለኩ፦ አንድ ቀን ሙሉ በባለ ሁለት ሊትር ሀይላንድ ያጠራቅም፤ ሞልቶ ሊተርፍ ይገባል። የሁለት ሎሚ ጭማቂም ያለ ስኳር በውኃ በጥብጦ ቢጠጣ ጠጠር እንዳይሠራ የሚከላከለውን ሲትሬት ይጨምርለታል።

ይህ ሁሉ በዋናነት ለካልሲየም ኦክሳሌት ጠጠር ነው። ዩሪክ አሲድ ሆኖ ከተገኘ ሕክምናው ሌላ ነው፤ በፖታሲየም ሲትሬት ሊሟሟ ይችላል። ማጥለያው ላይ የቀረውን ጠጠር እንዳትጥሉት።