«በቀላሉ» የሚሰጥ የጥበቃ ትዕዛዝ?

የዳላሷ፦
«ታክስ ከፋዩ» ትናንት የጻፈው እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። «የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች ኦስቲን ላይ ወጪ የለውም እያሉ ሕግ ያወጣሉ፣ ካውንቲው (የአካባቢያችን አስተዳደር) ይከፍላል። የጥበቃ ትዕዛዝ እንዲህ በቀላሉ ባይሰጥ ይሻል ነበር» ነው ያልከው። ፍርድ ቤት ደብዳቢውን እንዳይቀርባት የሚከለክልበትን ትዕዛዝ ማለትህ ነው። በቀላሉ? የትኛዋ ሴት ናት በቀላሉ ያገኘችው?

ታክስ ከፋዩ፦
ያልኩትን አልክድም። ድሮ የቴክሳስ ዳኛ ሁለት ነገር ማረጋገጥ ነበረበት። ጥቃት መፈጸሙን፣ ወደፊትም ሊደገም እንደሚችል። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሁለተኛው ቀርቷል። መስፈርት ሲቀንስ አመልካች ይበዛል። ማመልከቻው ለአመልካቿ ነፃ ነው፣ ይሁን። ግን የካውንቲው አቃቤ ሕግ ፋይል ይከፍታል፣ የካውንቲው ሕግ አስከባሪ፣ ሸሪፉ ወይም ኮንስታብሉ፣ መጥሪያ ያደርሳል። ትዕዛዙን የጣሰ ሰው ካውንቲ እስር ቤት እስከ አንድ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ይሄ ሁሉ ከንብረት ታክሳችን ነው። በረቂቅ ሕጎች ላይ የሚያያዘው የበጀት ማስታወሻ ግን ስለ ስቴቱ ካዝና ያወራና ካውንቲዎቹን መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ያልፋቸዋል። 254 ካውንቲ በአንድ መስመር!

አስተርጓሚዋ፦
ችሎት ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪዎች አስተረጉማለሁ። ስለ ካውንቲው የተናገርከው እውነት ነው። «በቀላሉ» የምትለውን ግን አልቀበልም። ያ ሁለተኛ መስፈርት ምን ያደርግ እንደነበር አይቻለሁ። ሴትየዋ መመታቷን አስረድታ ትጨርሳለች። ከዚያ «ነገም እንደሚመታሽ በምን ታውቂያለሽ?» ይመጣል። ክርክሩ እንደገና ይጀመራል፣ ምስክር ይጠራል፣ ቀጠሮ ይራዘማል። ያ ሁሉ ሰዓት ገንዘብ ነው። መስፈርቱ ሲቀር የችሎቱ ሰዓትም ያጥራል። የሚጨምረውን ስትደምር የሚቀንሰውን ለምን ረሳኸው?

ታክስ ከፋዩ፦
ሰዓቱ ቢያጥርም ፋይሉ ይበዛል። «በቀላሉ» ያልኩት ስለ ሕጉ ነው፣ ስለ ሴቶቹ አይደለም።

የዳላሷ፦
ሕጉ የሚሠራው በማን ላይ ነው ታዲያ? ማመልከቻ ገብቶ ቀጠሮው እስኪደርስ ያለችውን ሴት አስብ። ዳኛው አደጋው ግልጽ ነው ካለ፣ ተከሳሹ ሳይቀርብ እስከ 20 ቀን የሚቆይ ጊዜያዊ ትዕዛዝ ይሰጣታል። በነዚያ 20 ቀናት የት ታድራለች? ልጆቹን ማን ትምህርት ቤት ያደርሳል? ሥራዋስ?

ጋሼ ዘሂዩስተን፦
ልጆቼ፣ ከተቆጣችሁኝም ተቆጡኝ። እኛ ሽማግሌዎች ያለ አንድ ሳንቲም ስንት ትዳር አቁመናል። ሁሉ ነገር ፍርድ ቤት ካልሄደ የማለት ነገር ነው ያስቸገረን። ወጪውም ከዚያ ነው የሚመጣው።

የዳላሷ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምመልስልዎት። እኔን ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ አስታርቀውኛል። ከሦስተኛው ዕርቅ በኋላ ድንገተኛ ክፍል ገባሁ። የሆስፒታሉን ቢል እስከ ዛሬ በየወሩ እየከፈልኩ ነው። ያለ ሳንቲም ነው ያሉት?

ጋሼ ዘሂዩስተን፦
ልጄ፣ ይህን አላውቅም ነበር። እግዚአብሔር ይማርሽ። ግን ሁሉም ሽማግሌ እንዲህ ነው አትበይ።

አስተርጓሚዋ፦
ጋሼ፣ የሽማግሌ ቃል ቢጣስ ፖሊስ አይመጣም። ልዩነቱ እሱ ነው። ወደ ገንዘቡ ልመለስ። የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ የጥበቃ ትዕዛዝ በኬንታኪ በአንድ ዓመት 85 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጪ አስቀርቷል። ካጠኗቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ ላይ፣ በተከታዮቹ ስድስት ወራት ትዕዛዙ አልተጣሰም።

ታክስ ከፋዩ፦
በሌላው ግማሽስ? ደግሞ ያ 85 ሚሊዮን የካውንቲ ገንዘብ አይደለም። የሥራ ቀን፣ የሕክምና ወጪ ሁሉ ተደምሮበታል። አንዲት ሴት ሥራዋን ባታጣ ደስ ይለኛል። የሸሪፉን ደሞዝ ግን እሱ አይከፍልም። አንዱ ኪስ ይቆጥባል፣ ሌላው ይከፍላል። እኔ የምለው ይሄን ብቻ ነው። ስቴቱ ሕግ ሲያወጣ ገንዘቡንም ይላክ።

የዳላሷ፦
ይሄን ብቻ ብትል ኖሮ አብሬህ እፈርም ነበር። አንተ ግን ከገንዘቡ ተነስተህ «በቀላሉ ባይሰጥ» ላይ ደረስክ። ሂሳቡ ከከበደ ሂሳቡን ተከራከር። ለምን ከሴቲቱ ትዕዛዝ ላይ ይቀነሳል?

ታክስ ከፋዩ፦
በሐሰት የተከሰሱ ወንዶችንም አውቃለሁ።

የዳላሷ፦
እየው! አሁን ደግሞ ከበጀት ወደ ሐሰት ክስ። መጀመሪያ የጠየቅኩህን መልስልኝ።

ታክስ ከፋዩ፦
የካውንቲው በጀት ለሕዝብ አስተያየት ሲቀርብ ሄጄ እናገራለሁ። እዚያ እመልስልሻለሁ።

የዳላሷ፦
ሂድ፣ ተናገር። ስቴቱ ይክፈል ካልክ አጨበጭብልሃለሁ። «በቀላሉ» ካልክ ግን ካንተ ቀጥሎ ማይኩን የምይዘው እኔ ነኝ። የሆስፒታሉን ቢል ይዤ እመጣለሁ።