ሳላዝ ቢራ እየመጣብኝ ነው! እንዴት ነው የሚቆመው? (ኮሎኝ፣ አስቸኳይ)

ባቡር_ጠባቂ (19፡52)
ኧረ ጎበዝ ድረሱልኝ። ከካቴድራሉ ብዙም ሳይርቅ ካሉት ቢራ ጠማቂ ቤቶች አንዱ ውስጥ ነን፣ ከአጎቴ ጋር። ሁለት ቢራ አዘዝኩ፣ መጣ፣ ጨረስን። ሳላዝ ሌላ ሁለት መጣ። አጎቴ ያዘዙ መሰለኝ። እሳቸው ደግሞ እኔ እየጋበዝኳቸው መስሏቸው፣ ቅር እንዳይለኝ ብለው ግጥም ያደርጉታል። አሁን ስድስተኛው ዙር ላይ ነን። አስተናጋጁን "ኖ ኖ" ስለው ሳቀብኝና አስቀምጦ ሄደ። ብርጭቆው ስር ያለችው ክብ ካርቶን ላይ በእርሳስ የሆነ ነገር ይጭራል። ባቡራችን 20፡53 ነው። ሌቦች ናቸው እንዴ? ምን ልበለው? ጀርመንኛዬ "ዳንከ" ላይ ያበቃል።

ቀልደኛው
ሰው ሳያዝ ቢራ የሚመጣበት ቦታ አግኝቶ "እንዴት ይቁም" ይላል። አድራሻውን ላክልን፣ መጥተን እናስቆመዋለን።

የራይን_ዳር_ሰው
ካርቶኗን ብርጭቆው ላይ ክደናት። በቃ፣ ሌላ ምንም አትበል። እዚያ ቤት ባዶ ብርጭቆ ማለት "ድገመኝ" ማለት ነው። የተከደነ ብርጭቆ "ይበቃኛል፣ ሒሳብ" ነው። እርሳሱ ደግሞ ሒሳብህ ነው። ለአንድ ብርጭቆ አንድ መስመር፣ አምስተኛው አራቱን አግድም ይሰርዛል። ካርቶኗን እንዳትጥላት።

ብቅልና_ጌሾ
መጀመሪያ "ሌቦች" የሚለውን ቃል አንሳ። የማያውቁት አገር ሄዶ ሕጉን ሳይጠይቁ ሰው መስደብ ጥሩ አይደለም። የምትጠጣው ኮልሽ ይባላል። ብርጭቆው 0.2 ሊትር ይይዛል። ቀጭንና ቀጥ ያለ ስለሆነ "ሽታንገ" ይሉታል፣ ዘንግ እንደማለት። ያነሰው ከስስት አይደለም። ኮልሽ አረፋው ቶሎ ይጠፋል፣ ከሞቀ ደግሞ ጣዕሙ ይሞታል። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እየተባለ በላይ በላዩ ይመጣል። እርሾው እንደ ኤል ቢራ ሞቅ ባለ ቦታ ከላይ የሚሠራ ነው፤ ከዚያ ግን እንደ ላገር ቢራ ብርድ ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው ጥርት ብሎ ሳለ ትንሽ የፍራፍሬ ሽታ ያለው። በ1986 የኮሎኝ ጠማቂዎች ተሰብስበው ስምምነት ፈረሙ። እዚህ ከተማና ዙሪያው ካልተጠመቀ ኮልሽ አይባልም። በ1997 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ስሙን ከለላ ሰጠው። አስተናጋጁም ተራ አስተናጋጅ አይደለም። "ኮቤስ" ነው ስሙ፤ ያዕቆብ የሚለው ስም በአገሬው አፍ ሲጠራ ነው። ቀልዱ ሻካራ ነው፣ የወጉ አንድ ክፍል ስለሆነ...

ቀልደኛው
ወንድሜ፣ ሰውዬው ባቡር ሊያመልጠው ነው። አንተ ገና 1997 ላይ ነህ።

ማሚቱ_ከቦን
ካርቶኑን ብርጭቆው ላይ አድርግ።

የራይን_ዳር_ሰው
ማሚቱ፣ ብዬዋለሁ እኮ።

ማሚቱ_ከቦን
አላየሁትም። ያው ካርቶኑን ያድርግ።

ባቡር_ጠባቂ (20፡01)
የእኔን ከደንኩ። ሠራ! ኮቤሱ አይቶኝ አለፈ። የአጎቴ ካርቶን ግን ችግር አለው። ጠረጴዛው እግሩ ስላጠረ ሲነቃነቅ አናደዳቸውና አራት አጥፈው ከእግሩ ስር ወትፈውታል። ሒሳብ መሆኑን ማን ነገረን! ስለዚህ ለእሳቸው ሰባተኛው መጥቷል። የእሳቸውን ቁጥር ደግሞ ኮቤሱ የእኔው ላይ ይጫር፣ የት ይጫር አላየሁም።

ቀልደኛው
ሒሳብ ላይ የቆመ ጠረጴዛ። ጋሼን አድንቄያለሁ።

የራይን_ዳር_ሰው
አውጡት። ተጣጥፎም ይነበባል። ለኮቤሱ አሳየውና በጣትህ ጠረጴዛውን ጠቁም፣ ይስቅብሃል እንጂ አይቆጣም። ካልተነበበ የጠጣችሁትን ቁጥር በጣት ንገረው፣ አታሳንስ። እሱም በልቡ ቆጥሯል። ለጋሼ ብርጭቆ ሌላ ንጹህ ካርቶን ከጎረቤት ጠረጴዛ ውሰድና ክደን። ሒሳብ ለመጠየቅ "ጻለን፣ ቢተ" በል። ጥሬ ገንዘብ አዘጋጅ፣ በካርድ የማይቀበሉ አሉ። ጉርሻው ሒሳቡን ከፍ አድርጎ መዝጋት ነው።

አሥራ_ሁለተኛ_ክፍል
እኔ በጥያቄው አልስማማም። ችግሩ አስተናጋጁ ሳይሆን አጎትህ ናቸው። እኛ አገር ጠላ ቤት ብርጭቆህን ከጨረስክ አስቀጂዋ ትሞላልሃለች። እምቢ ማለት ከፈለግክ ወይ ታስተርፋለህ ወይ አፉን በእጅህ ትከድናለህ። "በሞቴ" እስክትልህ ድረስ ነው እንግዲህ። ኮሎኝም ያው ነው። በእጅ ፈንታ ካርቶን ሆነ፣ "በሞቴ" ደግሞ የለም። ይህንን ወግ ከእናንተ ይልቅ ጋሼ ማወቅ ነበረባቸው።

ማሚቱ_ከቦን
እውነት ነው። አጎትህን "ትንሽ ያስተርፉበት" በላቸው። ግማሽ ካለ አይቀይረውም። ደግሞ ውሃ እንዳታዝ። "ሳሙናና ፎጣም ላምጣ?" ብሎ ይቀልድብሃል፣ የታወቀ ቀልዳቸው ነው።

ብቅልና_ጌሾ
ሒሳቡን ላስላላችሁ። ሰባት ብርጭቆ 1.4 ሊትር ነው። በአገራችን 33 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ ከአራት ይበልጣል። ኮልሽ ብዙውን ጊዜ ወደ 4.8 በመቶ አልኮል አለው። ብርጭቆው ትንሽ ስለሆነ አይታወቅም፣ ስትነሳ ነው የሚታወቅህ። ምግብ በልተዋል?

ባቡር_ጠባቂ (20፡09)
ምግብ አትበለኝ። ስልኬ ዝርዝሩን ሲተረጉም "ግማሽ ዶሮ" አለኝ፣ "ሃልቨ ሃን" የሚለውን። ሁለት አዘዝኩ። የመጣው ዳቦ በአይብ! ተሳስቷል ልበለው? አጎቴ ደግሞ "እዚያ ጠረጴዛ ላይ ክትፎ በዳቦ አየሁ፣ በሽንኩርት፣ ጥሬ ነው" እያሉ እጃቸውን ሊያነሱ ነው።

ማሚቱ_ከቦን
ክትፎ አይደለም!!! እጃቸውን ያዝ!!!

የራይን_ዳር_ሰው
ማሚቱ ልክ ናት። "ሜት" ይባላል። የተፈጨ ጥሬ የአሳማ ሥጋ ነው፣ ከላይ ሽንኩርት። ከሩቅ ክትፎ ይመስላል፣ እኔንም ሊሸውደኝ ነበር የመጀመሪያ ዓመት። ሃልቨ ሃን ግን ልክ ነው የመጣልህ። ስሙ ዶሮ ይላል እንጂ ዶሮ የለበትም። የአጃ ዳቦ፣ ወፍራም የጎዳ አይብ፣ ሰናፍጭ፣ ሽንኩርት ነው። ከኮልሽ ጋር ይሄዳል፣ ብሉት።

ጋሼ አሳማ ካልበሉ ሌሎቹንም ልንገርህ። "ሒመል ኡን ኤት" ሰማይና ምድር ማለት ነው። ፖም ከሰማይ፣ ድንች ከምድር፣ አንድ ላይ ተፈጭቶ። እስከዚህ ያምራል። ላዩ ላይ ግን የተጠበሰ የደም ቋሊማ አለ። "ኦነ ብሉትቩርስት" ብትል ያለ ቋሊማው ይሰጥሃል። "ኮልሽ ካቪያር" የሚል ካየህም የዓሣ እንቁላል አይደለም፣ ያው የደም ቋሊማ በሽንኩርት ነው። "ሔምሸን" የአሳማ ቅልጥም ነው፣ ዝለለው። ለእኛ ሰው የሚሻለው "ራይበኩኸን" ነው። የተፈገፈገ ድንች ጠብሰው ከፖም ንፍሮ ጋር ያቀርቡታል። "ዛወርብራተን"ም የሚጣፍጥ የሆምጣጤ ጥብስ ነው፣ ግን ጠይቅ። የራይን አካባቢ ጥንታዊው አሠራር በፈረስ ሥጋ ነበር። ዛሬ በብዛት በሬ ነው። "ሪንት?" ብለህ ጠይቅ። "ፈርድ" ካለህ ፈረስ ነው።

አሥራ_ሁለተኛ_ክፍል
ፈረስ! ጋሼ እንዳይሰሙ።

ቀልደኛው
ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ? አይብ?

ማሚቱ_ከቦን
መንገደኛ ናቸው። አንተስ ስልክህን ትተህ ጸልይ።

ብቅልና_ጌሾ
ለሚቀጥለው ጊዜ፦ ቤቱ ውስጥ ሲጠመቅ ማየት ከፈለጋችሁ ፍሪዘንሽትራሰ ላይ ፔፍገን አለ፣ ከ1883 ጀምሮ። ኮልሹን ከእንጨት በርሜል ይቀዳሉ። ሆይማርክት ጋ ደግሞ ማልትስሙለ አለ፣ 1858። ሁለቱም ራሳቸው ጠማቂ ናቸው። ጉሽ ጠላ የምትወዱ "ቪስ" ካለ ጠይቁ። ሳይጣራ የቀረ ኮልሽ በሉት፣ ደፈርስ ያለ ነው። ጉሽ ለለመደ ሰው አያስደነግጥም።

ፍራንክፈርቴ
ጣቢያው ከካቴድራሉ ጎን ነው። 20፡35 ላይ ብትነሱ ትደርሳላችሁ። ጋሼን ከወዲያኛው ጎን ደግፋቸው፣ አደባባዩ ላይ ደረጃ አለ። ለባቡሩ ደግሞ ብዙም አትጨነቁ፣ እሱም ይዘገያል።

ባቡር_ጠባቂ (20፡31)
ካርቶኑን አወጣነው። ኮቤሱ ዘርግቶ ሲያየው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፣ ለጓደኞቹም አሳየው። የሁላችንንም መስመር ቆጠረ። 13። እኔም 13 ነበር ያሰብኩት። ከፍለናል። ሊሰናበቱን ሲሉ አጎቴ ኮቤሱን አቅፈው "ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እጅህ አይጠር" አሉት። ምን እንዳሉት ሳይገባው በራሱ ኪስ ሁለት አመጣ።

የራይን_ዳር_ሰው
ክደኑት!!

ማሚቱ_ከቦን
ክደኑት!

*(በማግስቱ)*

ገና_ጀማሪ
ዱሰልዶርፍም እንዲህ ነው? ቅዳሜ ልሄድ ነው።

ብቅልና_ጌሾ
አዎ፣ ባዶ ካዩ ይሞላሉ፣ ካርቶኑም አንድ ነው። እዚያ ግን ጠቆር ያለው "አልት" ነው የሚጠጣው። ኮልሽ ብለህ እንዳታዝ፣ ሁለቱ ከተሞች በዚህ ነገር አይቀላለዱም። ወይም ይቀላለዳሉ፣ ግን ባንተ ላይ።

ማሚቱ_ከቦን
ባቡር_ጠባቂ የት ገባ? ጋሼ ደረሱ?

ፍራንክፈርቴ
የ20፡53ቱ ትናንት 40 ደቂቃ ዘግይቷል፣ እኔ ውስጡ ነበርኩ። አላየኋቸውም።

ቀልደኛው
ጠረጴዛው እንደገና ተነቃንቆ ይሆናል።