ሁለገብ ፍሪጌት፦ አንድ መርከብ የሦስት መርከብ ሥራ እንዴት ይሠራል?

ጥያቄ፦ የጣና ዳር መምህር (ባሕር ዳር)

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጓጉዛ የመጣችው ጣና ነሽ 2 ሐይቃችን ላይ ከዋለች ወዲህ ተማሪዎቼ ስለ መርከብ መጠየቅ አላቆሙም፤ ከመንገደኛ ጀልባ ተነሥተው በሁለት ሳምንት ውስጥ ጦር መርከብ ላይ ደረሱ። እኔም ከእነርሱ እንዳላንስ ብዬ ስለ ዘመናዊ ፍሪጌቶች (ሌሎች መርከቦችን የሚያጅቡ መካከለኛ ጦር መርከቦች) ማንበብ ጀመርሁ፤ ባነበብሁ ቁጥር ግን የሚከነክነኝ ነገር በዛ።

ፈረንሳይና ጣሊያን በጋራ የነደፉት ፍሬም የተባለው ሁለገብ ፍሪጌት፣ የፈረንሳዩ ዓይነት 142 ሜትር ርዝመትና 6,000 ቶን ያህል ክብደት አለው፤ የመጀመሪያዋ አኪቴን አገልግሎት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ይህች አንድ መርከብ ሰርጓጅ መርከብ ታድናለች፣ የአየር ጥቃት ትመክታለች፣ ሌላ መርከብ ትመታለች፣ በየብስ ላይ ርቆ ያለ ዒላማንም በክሩዝ ሚሳኤል ትደርስበታለች። የአገራችን ሰው ግን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይኸው ነው፤ በእርግጥ ሁሉንም ሥራ በእኩል ትሠራለች ወይስ አንዱን ለማግኘት ሌላውን ትከፍላለች?

ሁለተኛው፣ አንድ ጋዝ ተርባይን (በጋለ ጋዝ ግፊት የሚሽከረከር ሞተር) እያላት የኤሌክትሪክ ሞተር ለምን ተጨመረላት? ሦስተኛው ከዚሁ ከሐይቃችን የመጣ ነው። ከዘጌ ማገዶ ጭኖ የሚመጣን ታንኳ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ቀዛፊው ጭነቱን ዝቅ አድርጎ ካልደረደረ ትንሽ ሞገድ ይበቃዋል። ታዲያ የእነዚህ መርከቦች ራዳር የሕንፃ ቁመት ያህል ከፍ ብሎ የሚሰቀለው ለምንድን ነው?

መልስ 1፦ የሞተር ክፍል (ቡሬ)

መምህር፣ ጥያቄዎን በደስታ አነበብሁት። የተወለድሁት ቡሬ ነው፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መካኒካል ምሕንድስና ተምሬ፣ ባቦጋያ የባሕረኛነት ሥልጠና ወስጄ፣ ዛሬ በጭነት መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። በጦር መርከብ ላይ አልሠራሁም፤ ተርባይኑም ጄነሬተሩም ግን የሙያዬ ነገር ስለ ሆነ ሁለተኛውን ጥያቄ ለእኔ ይተዉልኝ።

መነሻው አንድ ሕግ ነው። መርከብን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በእኩል አያድግም፤ በግምት በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ያድጋል። ፍጥነትዎን እጥፍ ለማድረግ ስምንት እጥፍ ኃይል ይጠየቃሉ ማለት ነው። ፍሬም በ15 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው) ከምትሄድበት ወደ 27 ኖት ስትወጣ ፍጥነቷ ሁለት እጥፍ እንኳ አልሞላም፤ የሚያስፈልጋት ኃይል ግን ወደ ስድስት እጥፍ ይጠጋል፤ ራሷ የምታስነሣው ሞገድ ሲታከልበት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ የተሸከመችው ጋዝ ተርባይን 32 ሜጋዋት ነው። በእኛ አገር ሚዛን ለመናገር ያህል፣ የጢስ ዓባይ አንደኛው ማመንጫ ጣቢያ 11.4 ሜጋዋት ነበር፤ የአንዲት መርከብ አንድ ተርባይን ሦስት እጥፍ ያህል ሆነ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ተርባይን በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ጥሩ ነው፤ በሩብ ጉልበቱ ሲሠራ ግን ነዳጅ ያባክናል። ፍሪጌት ደግሞ አብዛኛውን ዕድሜዋን የምታሳልፈው በዝግታ እየቃኘች ነው። ለዚህ ሲባል የፈረንሳዩ ፍሬም በዝግታ ስትሄድ ተርባይኑን አጥፍታ፣ በአራት የናፍጣ ጄነሬተሮች በሚመነጭ ኤሌክትሪክ ሁለት ሞተሮችን ታሽከረክራለች፤ ፍጥነት ሲያስፈልጋት ሞተሮቹን ትታ ተርባይኑን ታስነሣለች። የጣሊያኑ ዓይነት ሁለቱን በአንድነት እንዲገፉ ያደርጋል። በዝግታ መንገድ 6,000 ኖቲካል ማይል የምትጓዘው በዚህ ብልኃት ነው።

ከነዳጁ የሚበልጠው ጥቅም ግን ጸጥታው ነው። ይህን የሚረዳው ሞተር ክፍል ውስጥ ያደረ ሰው ነው። በእኔ መርከብ ላይ የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ የሻዩ ፊት በቀጫጭን ክቦች ሲንቀጠቀጥ አየዋለሁ፤ ያ መንቀጥቀጥ በብረቱ አድርጎ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ውኃ ውስጥ ደግሞ ድምፅ ከአየር በአራት እጥፍ ይፈጥናል፣ እጅግም ሩቅ ይሄዳል። ሰርጓጅ መርከብ የሚያደምጠው እርሱን ነው። ስለዚህ በፍሪጌቶች ላይ ጄነሬተሩ ከመርከቧ ብረት ጋር በቀጥታ አይታሰርም፤ ጎማ በለበሱ መደቦች ላይ ይንሳፈፋል። የኤሌክትሪክ ሞተሩም ፕሮፔለሩን ያለ ማርሽ በቀጥታ የሚያዞር ከሆነ፣ የማርሽ ጥርስ ጩኸት ጨርሶ ይቀራል። ፕሮፔለሩም ቀስ ብሎ እንዲዞር ይነደፋል፤ ፈጥኖ ሲዞር ውኃው በቅጠሎቹ ዙሪያ አረፋ እየሆነ ይፈነዳልና፣ የዚያ አረፋ ፍንዳታ ከሞተር ይልቅ ራስን ያሳብቃል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄዎ ግማሽ መልስ እዚህ አለ። ሰርጓጅ ማደን ዝምታ ይጠይቃል፤ አውሮፕላን ተሸካሚን አጅቦ መሮጥ ጉልበት ይጠይቃል። ሁለቱን በአንድ መርከብ ያስታረቃቸው ይህ ድርብ አሠራር ነው። እንግሊዞችም ታይፕ 26 ለተባለው ፍሪጌታቸው የመረጡት ይኸኑ መንገድ ነው።

መልስ 2፦ የቀድሞ ባሕረኛ (ደብረ ማርቆስ)

ልጆቼ፣ ንግግራችሁ ደስ አሰኝቶኝ ነው የጻፍሁ። በምጽዋ፣ ዘርዓይ ደረስ በተባለችው መርከብ ላይ በሶናር ክፍል፣ ማለትም ውኃ ውስጥ ያለን ነገር በድምፅ በሚፈልገው መሣሪያ ላይ፣ አገልግያለሁ። እርሷ ከሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከመጡልን ሁለት የፔትያ ዓይነት ፍሪጌቶች አንዷ ነበረች። ርዝመቷ 82 ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ ከ1,000 ቶን ብዙም የማይዘል፤ ዛሬ «ፍሪጌት» ከሚሏት ጋር ስትተያይ ልጇ ትመስላለች። መካከለኛውን ዘንግ ናፍጣ ሞተር፣ ሁለቱን የዳር ዘንጎች ጋዝ ተርባይኖች ያዞሩ ነበር። መድፍ፣ ቶርፔዶና የጥልቀት ሮኬት ነበራት፤ ሚሳኤል አልነበራትም፣ ሄሊኮፕተር የሚያርፍበት ወለልም አልነበራትም። የተሠራችው ለአንድ ሥራ ነው፤ ሰርጓጅ ለማሳደድ።

የቡሬው ልጅ ስለ ጸጥታ የጻፈው ትክክል ነው። ተርባይኖቹ ሲነሡ በጆሮዬ ላይ ያለው ማዳመጫ የራሳችንን ጩኸት እንጂ ሌላ አያሰማኝም ነበር። ለማዳመጥ ቀስ ማለት፣ ለመድረስ መሮጥ፤ እየሮጡ ግን አይደመጥም።

አንድ ነገር ልጨምር። የቀይ ባሕር ውኃ ከላይ ሞቃት ነው፣ ወደ ታች ሲወርዱ ይቀዘቅዛል፤ ድምፅም ሙቀቱ በሚለወጥበት ድንበር ላይ ይታጠፋል። ሶናሩ በመርከቧ ሆድ ሥር ብቻ ከሆነ፣ ከዚያ ድንበር በታች የተደበቀ ሰርጓጅ በጥላ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ሰው ነው። በዛሬዎቹ ፍሪጌቶች የምቀናው በዚህ ነው፤ ከኋላቸው በረጅም ገመድ የሚጎተት ሶናር ከ200 ሜትር በታች አውርደው፣ ጆሯቸውን ከድንበሩ ማዶ ያኖሩታል።

የማልስማማበት ግን የሰው ቁጥር ነው። ፍሬም ያን ሁሉ ክብደት ይዛ ሠራተኞቿ ከመቶ ብዙ አይዘሉም። አሜሪካኖች ለባሕር ዳርቻ ውጊያ የሠሯቸውን መርከቦች በ40 ቋሚ ሠራተኛ አስበው ጀምረው፣ ስላልበቃቸው ኋላ ጨምረዋል። ስክሪን የሰውን ዓይን ይተካል፤ እሳት የሚያጠፋን እጅ ግን ምን ይተካዋል? እ.ኤ.አ. በ1987 የአሜሪካዋ ፍሪጌት ስታርክ በሁለት ኤክሶሴት ሚሳኤሎች ተመትታ 37 ሰው ሞቶባታል፤ ሳትሰጥም የቀረችው የተረፉት መርከበኞች እሳቱን ለሰዓታት እየተፈራረቁ ስለ ተዋጉት ነው። የሚፈራረቅ ሰው ስለ ነበረ።

ንድፉም ያሳስታል። የኖርዌይዋ ፍሪጌት ሄልጌ ኢንግስታድ እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 2018 በሌሊት ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጨች። 137ቱም ሰዎች ተረፉ፤ መርከቧ ግን ቀረች። ክፍሎቿ ውኃ በማያሳልፍ ግድግዳ የተለያዩ ነበሩ፤ ሆኖም የፕሮፔለሩ ዘንግ ውስጡ ባዶ ስለ ነበረ፣ ውኃው በዘንጉ ቧንቧ አድርጎ ከጄነሬተር ክፍል ወደ ማርሽ ክፍል ተሻገረ። በወረቀት ላይ የተዘጋው በር በዘንጉ በኩል ተከፍቶ ተገኘ።

መልስ 3፦ ማማ ጠጋኝ (እንጅባራ)

ሦስተኛው የመምህር ጥያቄ የእኔ ነው፤ በስልክ ማማዎች ላይ እየወጣሁ የምጠግን ሰው ነኝና። ከፍታ የሚፈለገው ምድር ክብ ስለ ሆነች ነው። የራዳር ሞገድ በቀጥታ ይሄዳል፤ ከአድማሱ በታች ያለውን አያይም። በኪሎ ሜትር የሚታየውን ርቀት ለማግኘት የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ወስዶ ዳግም ዘሩን በ4.12 ማባዛት ነው፤ ለዒላማውም እንደዚሁ አድርጎ መደመር።

ከባሕሩ ወለል በ5 ሜትር ከፍታ የሚበርር ፀረ መርከብ ሚሳኤል መጣ እንበል። አንቴናው በ15 ሜትር ላይ ከሆነ መርከቧ ሚሳኤሉን የምታየው 25 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ነው፤ በ30 ሜትር ላይ ከሆነ 32 ኪሎ ሜትር ሲቀረው። ሚሳኤሉ በሰከንድ 300 ሜትር ከሄደ፣ የመጀመሪያዋ 84 ሰከንድ፣ ሁለተኛዋ 106 ሰከንድ አላት። 15 ሜትር ማማ የገዛው 22 ሰከንድ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ወዳጅና ጠላት ይለያል፣ ትእዛዝ ይሰጣል፣ መከላከያ ሚሳኤል በመርከቧ ወለል ውስጥ ቆሞ ከሚቀመጥበት ጉድጓድ ይወጣል፤ ከሳተም ሁለተኛ ለመተኮስ ዕድል ይገኛል።

የታንኳው ነገር ግን እውነት ነው። ያ ማማ ላይ የተሰቀለ እያንዳንዱ ቶን የመርከቧን የክብደት ማዕከል ወደ ላይ ይስባል። ስለዚህ መርከቧ ጎኗ እንዲሰፋ ይደረጋል፣ ሞተርና ነዳጅ ከታች ይቀመጣሉ፣ ማማውም በተቻለ መጠን ቀላል ይሆናል። ዛሬ ፍሪጌቶች ከቀድሞዎቹ ብዙ እጥፍ የገዘፉበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ከፍ ያለ ዓይን ሰፊ ወገብ ይፈልጋል።

ስለ ሁለቱ ዛፎች ደግሞ የሚሳኤል ጉድጓዶቹን ቆጥሬ ልመልስ። የፈረንሳዩ ፍሬም 32 ጉድጓድ አላት፤ በተለመደው ዓይነት 16ቱ አስተር ለተባለው የአየር መከላከያ ሚሳኤል፣ 16ቱ ለክሩዝ ሚሳኤል ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለት፣ አልዛስና ሎሬን፣ 32ቱንም ለአየር መከላከያ አድርገው ክሩዙን ትተዋል። ገንቢዎቹ ራሳቸው አንዱን ለማጠንከር ሌላውን ቀንሰዋል ማለት ነው። ላንግዶክ የተባለችው እኅታቸው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በቀይ ባሕር ከየመን የመጡ ድሮኖችን መታች፤ አልዛስ ደግሞ በመጋቢት 2024 ሦስት ባሊስቲክ ሚሳኤሎችን በአስተር 30 ጣለች። ለሰርጓጅ አደን በዋናነት የታሰበ ቀፎ ይህን መሥራቱ ሁለገብነቱ ከንቱ ቃል አለመሆኑን ያሳያል፤ ባዶ የሆነ ጉድጓድ ግን በባሕር ላይ በቀላሉ አይሞላም፤ ወደብ መመለስ ያስፈልጋል።

ሁሉም አልተሳካለትም። የዴንማርኳ ኢቨር ሁይትፌልት በዚያው በመጋቢት 2024 በዚያው ባሕር ላይ ጥቃት ሲመጣባት የራዳርና የሚሳኤል ሥርዓቷ ተሳስቷል፤ የመድፏም ጥይቶች ከዒላማቸው ሳይደርሱ ቀድመው ፈንድተዋል። በወደብ ላይ የሚያምር መሣሪያ ሁሉ በተግባር አብሮ ይሠራል ማለት አይደለም።

ጠያቂው፦ የጣና ዳር መምህር (ባሕር ዳር)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጋሼ ባሕረኛ፣ ለእርስዎ ደግሞ በተለየ። ትናንት የማማ ጠጋኙን ስሌት በሰሌዳ ላይ ሠራነው፤ ከዚያም በገንዳ ውኃ ላይ የምግብ ሣህን አንሳፍፈን፣ መካከሉ ላይ ሸምበቆ አቁመን፣ ጫፉ ላይ ጭቃ እየጨመርን ስንት ሲሆን እንደሚገለበጥ አየን። ጠጠር ከታች ስናስቀምጥ ሦስት እጥፍ ጭቃ ቻለ። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪዬ ግን «ራዳሩን ሄሊኮፕተሩ ላይ አድርገው ወደ ሰማይ ቢልኩት ማማው ለምን ያስፈልጋል?» ብላ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁ።

መልስ 4፦ የሞተር ክፍል (ቡሬ)

ልጅቱን ጎበዝ በሉልኝ፤ ይደረጋል። ፍሬም የምትሸከመው ኤንኤች-90 ሄሊኮፕተር ራዳር አለው፤ ከአድማስ ማዶ ያለውን መርከብ ለይቶ ለእናቲቱ ይነግራታል፤ ሰርጓጅ ሲገኝም ቶርፔዶውን ይዞ የሚሄደው እርሱ ነው። በቀይ ባሕርም የአንዲት ፈረንሳይ ፍሪጌት ሄሊኮፕተር አንድ ድሮን በመትረየስ ጥሏል፤ ውድ ሚሳኤል ተረፈ። ነገር ግን ሄሊኮፕተር ከጥቂት ሰዓት በኋላ ነዳጅ ይጨርሳል፣ ነፋስ ሲበረታ አይነሣም፣ ጥገናውም ከበረራው ይረዝማል። ሚሳኤል የሚመጣው ደግሞ እርሱ ጋራዡ ውስጥ ሆኖ መካኒኩ ሲፈታታው ሊሆን ይችላል።

መልስ 5፦ የቀድሞ ባሕረኛ (ደብረ ማርቆስ)

በነፋስ ቀን ማረፉንም አትርሱ። ወለሉ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይዘማል። የመርከቧ ስፋት ለማማው ብቻ ሳይሆን ለእርሱም ነው። ለልጅቱ ሣህኑን እያወዛወዘች ጠጠር ጫፉ ላይ እንድታሳርፍ ንገሯት።