ክርክር፦ የድርቅ ገንዘብ ወደ ኢንሹራንስ ይሂድ ወይስ ወደ ሴፍቲኔት?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዓለም ባንክና መሰል ተቋማት ድርቅን እንድንቋቋም ገንዘብ ይሰጣሉ። አገራችን ላይ ሁለት መንገድ ተሞክሯል። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2005 (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እንጥራ) የተጀመረው ሴፍቲኔት ነው፤ ችግረኛ ቤተሰቦች የአካባቢ ልማት ሥራ ሠርተው ቀለብ ወይም ገንዘብ የሚያገኙበት። ሌላው የአየር ጠባይ ኢንሹራንስ ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ጉዳት ሳይቆጠር፣ የዝናብ ወይም የሣር ልኬት ከተወሰነው በታች ሲወርድ የሚከፍል። በ2006 የዓለም ምግብ ፕሮግራም አክሳ ሪ ከተባለ የፈረንሳይ የጠለፋ ዋስትና (የኢንሹራንሶች ኢንሹራንስ) ኩባንያ ለኢትዮጵያ የድርቅ ዋስትና ገዝቶ ነበር። አረቦኑ፣ ማለትም ለዋስትናው የተከፈለው ዋጋ፣ 930 ሺህ ዶላር ገደማ፣ ድርቅ ቢመጣ የሚከፈለው እስከ 7.1 ሚሊዮን። ዝናቡ ጥሩ ሆነና ምንም አልተከፈለም። እናንተ የትኛውን ትመርጣላችሁ?

የወሎ ልጅ፦ እኔ ሴፍቲኔትን። እናቴ ተራራ ላይ እርከን ስትሠራ አይቻለሁ። ድንጋዩን በጀርባዋ እያመላለሰች ነው የደረደረችው። ያ ተራራ ዛሬ ተከልሎ ሣር ይታጨድበታል። ከሥሩ ደርቆ የነበረው ምንጭም ተመልሷል። ዝናብ ቢቀርም እርከኑ እዚያው ነው። አረቦን ግን ዓመቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

የማላዊን ነገር ደግሞ እዩ። በአፍሪካ ኅብረት ሥር ከተቋቋመው አፍሪካ ሪስክ ካፓሲቲ የድርቅ ኢንሹራንስ ገዝታ ነበር። በ2016 6.5 ሚሊዮን ሰው ለረሃብ ሲጋለጥ፣ የኮምፒውተሩ ስሌት «ክፍያ የሚያስፈልገው ድርቅ አልደረሰም» አለ። ለምን? ገበሬው ቶሎ የሚደርስ በቆሎ ዘርቷል፤ ስሌቱ የያዘው የሚዘገየውን ዝርያ ነው። ስሌቱ ታርሞ 8.1 ሚሊዮን ዶላር ሲከፈል ወራት አልፈዋል። የተራበ ሰው ወራት ይጠብቃል?

የያቤሎው፦ ወንድሜ፣ እርከን ለደጋ ነው። ቦረና ላይ ሀብታችን ከብት ነው። እዚህ የከብት ኢንሹራንስ ከ2012 ጀምሮ አለ። ሳተላይት የግጦሹን አረንጓዴነት ይለካል፤ ከተለመደው በጣም ከወረደ ይከፈላል። ሞተ አልሞተ ብሎ ከብት የሚቆጥር የለም። ገንዘቡ በጊዜ ከመጣ መኖ ይገዛበታል።

ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ወቅት በተከታታይ ዝናብ ቀረብን። ላሚቱ ጠዋት መነሳት ሲያቅታት አራት ሆነን በጅራቷና በቀንዷ ይዘን እናነሳት ነበር። በሦስተኛው ቀን አልነሳ አለች። የእርዳታ ስንዴ በኋላ መጣ። ስንዴ ላም አያስነሳም።

የወሎ ልጅ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ያሳዝናል። ግን አረቦኑን ስንት አርብቶ አደር ይችለዋል?

የግብርና ባለሙያዋ፦ ሁለታችሁም ጋ እውነት አለ። መስክ ላይ ያየሁትን ልጨምር። ቦረና ውስጥ ቁጥቋጦ ግጦሹን እየዋጠው ነው። ሳተላይቱ ከላይ ሲያይ ግራሩም አረንጓዴ ነው፤ ላም ግን አትበላውም። ሌላም አለ። የሚታለበው ከብት ዋራ ሆኖ ሰፈር ይቀራል፤ ሌላው ፎራ ወጥቶ ሩቅ ይሄዳል። ታዲያ የተለካው የየትኛው መሬት ሣር ነው? ችግሩ ከማላዊው በቆሎ ጋር አንድ ነው። መሬቱን የሚያውቀው ሰው ቀድሞ አልተጠየቀም።

አረቦኑን በተመለከተ መንገድ አለ። በ2009 ትግራይ አዲ ሃ ላይ 200 አባወራዎች የጤፍ ኢንሹራንስ ሲገቡ፣ ገንዘብ የሌላቸው አረቦኑን በጉልበት ሥራ ከፈሉ። ሥራው እንደ ሴፍቲኔቱ ሁሉ አፈርና ውኃ ጥበቃ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን ማጣላት አያስፈልግም። ቅድሚያ ስጡ ከተባልኩ ግን እኔም ሴፍቲኔት ነው የምለው። በ2011 ድርቅ ሲመጣ ስም ዝርዝሩም መጋዘኑም ዝግጁ ስለነበር 3.1 ሚሊዮን ተጨማሪ ሰዎች ለሦስት ወር ተረድተዋል። እንዲህ ያለ ነገር ድርቁ ከገባ በኋላ አይገነባም። ተቋማቱ ደግሞ አዲስ ነገር መጀመር ይወዳሉ፤ የቆየውን መንከባከብ ግን ይሰለቻቸዋል። ይህን በግልጽ ልንነግራቸው ይገባል።

የያቤሎው፦ እህቴ፣ የቁጥቋጦው ነገር ትክክል ነው። ሽማግሌዎቻችን የትኛው መሬት ሣር እንዳለው በስም ይነግሯችኋል። ግን ሴፍቲኔቱ የሰው ቀለብ ነው። የላሚቱስ?

የወሎ ልጅ፦ እንደኛ ተራራ መከለል ነዋ! የተከለለ ሣር እያጨዱ ማስቀመጥ።

የያቤሎው፦ እኛም ካሎ የምንለው አለን፤ ለበጋ ተከልሎ የሚቆይ ግጦሽ። ማጠሩንና ቁጥቋጦ ምንጠራውን በሴፍቲኔት እንሥራ ካልከኝ እስማማለሁ። ካሎው ራሱ ባዶ በሚሆንበት ዓመት ግን ኢንሹራንሱን አልተውም።