አዲሱ ፍሪሲዮን በሁለት ወር አለቀ፤ ሱቁና ጋራዡ ይቀባበሉኛል

ባለ ሃይሉክሱ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቆየች ሃይሉክስ አለችኝ፤ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት አመላልስባታለሁ። ኅዳር ላይ ፍሪሲዮኗ (የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈው) አለቀና ሸራውንም፣ ሸራውን የሚጫነውን ስፒንጊዲስኮውንም፣ ኩሽኔታውንም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ካለ አንድ ሱቅ በ19,000 ብር ገዛሁ። ደረሰኙ ጀርባ ላይ "የ6 ወር ዋስትና" ብለው ጽፈው ማኅተም መቱበት። እዚሁ ከተማችን ያለ ጋራዥ ገጠመልኝ። የእጅ 4,000 ብር።

ባለፈው ማክሰኞ ስምንት ኩንታል ጭኜ ደብረ ሲናን አልፌ ጣርማ በርን ስወጣ ለገመች። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ የለም። ጋቢናው በተቃጠለ ሸራ ሽታ ታፈነ። ጭጋጉ ደግሞ ከፊቴ ያለውን መኪና አያሳይም። ረዳቴ ዘሎ ወርዶ ጎማ ስር ድንጋይ ባይወትፍ ወደ ኋላ ነበርን። ዋሻው ልንደርስ ትንሽ ቀርቶን! (ዋሻውን የቆፈረው ጣሊያን፣ ፍሪሲዮን የሚለውም ቃል ከጣሊያን። ተባብረው ጣሉኝ።) ሽንኩርቱን በአይሱዙ አስጫንኩ፣ እኔ ተጎትቼ ገባሁ።

ጋራዡ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) አውርዶ "ዕቃው ፎርጅድ ነው" አለኝ። ሱቁ ጋ ስደውል "ወይ አንተ አቃጥለኸዋል፣ ወይ አገጣጠሙ ነው" አሉኝ። ፎቶ ላክ አሉ፣ ላክሁ፣ ዝም። ማንን ልያዝ?

የቆላው ሾፌር፦
እስቲ እውነቱን አውጣ። ዳገት ላይ ወረፋ ስትጠብቅ በእጅ ፍሬን ነው የምትይዛት ወይስ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ለቀህ አንጠልጥለህ? ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት፣ ጣርማ በር ከ3,000 በላይ ነው። እንደዚያ እያደረግህ ኦሪጅናልም ብትገጥም አይበረክትልህም።

ባለ ሃይሉክሱ፦
አልዋሽም፣ አንዳንዴ አንጠለጥላታለሁ። ግን የድሮው ፍሪሲዮን በዚሁ አነዳድ አራት ዓመት አገልግሎኛል እኮ።

ጡረተኛ መካኒክ፦
ልጄ፣ መጨቃጨቁን ተወውና የፈቱትን ሸራ ተቀብለህ ቤትህ ውሰደው። እንዳይጥሉት! ከዚያ ፀሐይ ላይ አውጥተህ እየው። ደረቅ ሆኖ ሸራውን እስከያዙት ሪቬቶች እኩል ካለቀ፣ ብረቱም ሰማያዊ ከመታ፣ ሙቀት ነው። ወይ አንተ አንጠልጥለሃል፣ ወይ ፔዳሉ ሲገጠም ነፃ መላወሻ አልተተወለትም። ሸራው ገና ወፍራም ሆኖ ከተገነጠለ ግን ዕቃውን ጠርጥር። መሐሉ ላይ ያሉት ሞላዎች ተሰብረው ካገኘህ አትቸኩል፤ ሲገጥሙ የካምቢዮውን ክብደት ሸራው ላይ አንጠልጥለውትም ሊሆን ይችላል። ቮላኖውን (ሸራው የሚያርፍበትን የሞተሩን ከባድ ብረት) ቶርኖ ቤት ልከው አስላጡት? የተቃጠለ ቮላኖ ላይ አዲስ ሸራ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።

ዘይት ከነካው ደግሞ አሽትተው። አትሳቅ። የካምቢዮ ዘይት ድኝ ድኝ ይላል፣ አፍንጫ ይሰነፍጣል። የሞተር ዘይት እንደዚያ አይሸትም። ከየት እንዳፈሰሰ በዚያ ታውቃለህ።

ሕግ ነክ፦
ጋሼ ባሉት ላይ ልጨምር። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ ማለት ይችላል። አንተ 15 ቀኑ አልፎሃል፤ በዚያ ላይ መኪናዋ የንግድ ስለሆነች "ሸማች አይደለህም" ሊሉህ ይችላሉ። አቅምህ ያ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ነው። በስልክ አትለማመጥ፤ ጉድለቱን ጽፈህ ስጣቸው፣ ቅጂው ላይ አስፈርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ገዢ ጉድለት ሲያገኝ ሳይቆይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ነው የሚፈልገው።

ባለ ሃይሉክሱ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ሸራውን ከጋራዡ ጥግ፣ ከአሮጌ ብረት መሐል አወጣሁት። በማዳበሪያ ጠቅልዬ ቤት አመጣሁት። ግማሹ ጠቁሮ ያብለጨልጫል፤ በጣቴ ብነካው ይሙለጨለጫል። አሸተትኩት። ድኝ! ባለቤቴ ከበር ሆና "ደግሞ ምን ጀመረህ?" አለችኝ።

ሸራውን ይዤ ጋራዡ ተመለስኩ። ኃላፊው መልስ ሳይሰጥ ረዳቱ ልጅ ቀደመው። "ያኔ የካምቢዮው ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚያግደው ጎማ፣ ያልባል፣ እንቀይረው ስንልህ 'ተወው፣ ወጪ አታብዙብኝ' አላልክም?" አለኝ። ብያለሁ። አሁን ሲነሳ ትዝ አለኝ። ኃላፊው ግን ዘይት መንካቱን እያየ "ፎርጅድ ነው" ማለቱን አልረሳሁለትም። ያንን ፊት ለፊት ነገርኩት። ትንሽ አፈረ መሰለኝ፣ በግማሽ የእጅ ሊገጥምልኝ ተስማማን። ሸራውን እኔ ልገዛ ነው፤ ሌላው ዕቃ ታጥቦ ይታያል ብለዋል።

ሱቁንም ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሰውዬው ሳቀና ለአዲሱ ሸራ ቅናሽ አደርግልሃለሁ አለኝ። ዋስትናውን ግን በዚህኛው ላይ አልጽፍም ብሏል።

ጎሚኒው 450 ብር ነው።