ሲጋራ ማቆም አቅቶኛል፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። 24 ዓመቴ ነው። ማጨስ የጀመርኩት በ17 ዓመቴ ነው፣ ጓደኞቼ ሁሉ ያጨሱ ስለነበር እምቢ ማለት አፍሬ። አባቴም ያጨሳል፣ ስለዚህ ሽታው ለእኔ አዲስ አልነበረም። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሁለት ነበር። አሁን በቀን ግማሽ ፓኮ ደርሻለሁ።

ለማቆም ሦስቴ ሞክሬ አንዴም ከ3ኛው ቀን አላለፍኩም። ኒኮቲን ሲቋረጥ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት በጣም ከባድ እንደሆኑ አውቃለሁ፣ ግን ማወቁ ብቻውን አልጠቀመኝም። እንቅልፍ የለም፣ በትንሽ ነገር እቆጣለሁ፣ እጄ ሳላስበው ኪሴ ገብቶ ላይተር ይፈልጋል። ከዚያ አንዱ ጓደኛዬ "አንድ ብቻ" ይለኛል፣ በቃ አለቀ።

ባለፈው ሳምንት ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ አጥሮኝ መሃል ላይ ቆምኩ። ታናሽ ወንድሜ ከኋላዬ ነበር። 15 ዓመቱ ነው። እኔ አባቴን እያየሁ እንዳደግኩት እሱም እኔን እያየ ነው የሚያድገው፣ ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው።

በኒኮቲን ፕላስተር ወይም ማስቲካ ያቆመ አለ? ጓደኞቼን ሳላጣ ከጭሱ እንዴት ልራቅ? እባካችሁ፣ ለእናንተ የሠራውን ንገሩኝ።