ሻይ ቤት አብረው ያወጉ ሦስት ምስክሮች ስንት ይቆጠራሉ?

ጠያቂ፦
ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር በሚያወጣው ዳገት፣ ጉም በበዛበት ጠዋት፣ አይሱዙና ሚኒባስ ተጋጭተው ነገሩ በሽማግሌ ተይዟል። የሞተ የለም። ምስክሮቹ ሦስት ናቸው፤ ከግጭቱ በኋላ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ሲያወጉ ነበር። አሁን ሦስቱም «አይሱዙው መብራት ሳያበራ እየበረረ መጣ» ይላሉ። ቃላቸው እንደ ሦስት ይያዝ?

መንዜው፦
አይያዝም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጋበርት፣ ሜሞንና አለን በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ ሁለት ሁለት ሰዎች አንድ ድርጊት በቪዲዮ አዩ፤ ግን ሳያውቁት የእያንዳንዳቸው ቪዲዮ ከሌላ ማዕዘን የተቀረጸ ነበር። አብረው ካወሩት ውስጥ 71 በመቶዎቹ በራሳቸው ቪዲዮ ያልነበረ፣ ከጓደኛቸው የሰሙትን ቢያንስ አንድ ነገር እንዳዩት አድርገው ተናገሩ። የመብራቱን ወሬ መጀመሪያ ያነሳው ማን ነው? እሱን ለዩ።

የይፋት ልጅ፦
አጠያየቁም ያበላሻል። ሌሎች የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ሎፍተስና ፓልመር፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ የግጭት ፊልም አሳይተው ግሱን ብቻ ቀያየሩ። «ሲላተሙ» በሚመስል ከባድ ቃል የተጠየቁት ፍጥነቱን በአማካይ ወደ 66 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገመቱት፤ «ሲነካኩ» የተባሉት ወደ 51። በሁለተኛው ሙከራ ከሳምንት በኋላ «የተሰባበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲባሉ፣ ከባዱን ቃል ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ «አዎ» አሉ። ፊልሙ ላይ መስታወት አልተሰበረም!

ስለዚህ «እንዴት ገጨው?» አትበሉ፤ ፍርዱን ጥያቄው ውስጥ ጨርሳችሁታል። አንድ በአንድ አስገቡና «የት ቆመህ ነበር? ከዚያ ያየኸውን ንገረን» በሉ። አታቋርጡት። ጸሐፊው «በረረ» ያለውን «በፍጥነት መጣ» ብሎ አያሳምር፤ እንደወረደ ይጻፍ። «አላየሁም» ማለት እንደሚችል አስቀድማችሁ ንገሩት። ከዚያ ብቻ ራሱ ባነሳው ላይ ጠይቁ፦ ከቆመበት የመንገዱ ጠርዝ ይታይ ነበር? ያ ጉም እኮ አሥር እርምጃ ላያሳይ ይችላል። ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ያኔውኑ ይመዝገብ፤ «ጎበዝ» ወይም ራስ መነቅነቅ የለም፣ ማሞገስ እርግጠኝነቱን ያሳብጠዋል።

ጠያቂ፦
ቢምሉስ?

መንዜው፦
መሐላ የሚያስፈራው ዋሾን ነው። ትውስታው የተሳሳተበት ሰው በሙሉ ልቡ ይምላል፤ ከማለ በኋላ ደግሞ ቃሉን ማረም ነውር ይሆንበታል። ካስፈለገ መጨረሻ ላይ ይሁን። የሻይ ቤቷንም ባለቤት ጥሯት፤ ስለ ወሬው እንጂ ስለ ግጭቱ አትጠይቋት።